የቮልስ ቀበቶ ስትቀይሩ ከጨርቁ በፊት ብረቱን እዩ

ታክሲ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ቀበቶውን ሳብ ያደርግና ደረቱ ላይ በእጁ ይዞት ይቆያል። ዘለበቱ ውስጥ አይከተውም። ፖሊሱን ሲያልፉ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ቀበቶውም ሽው ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ በዚህ ሰው ስስቅ ነበር። የራሴ ቮልስ ቀበቶ ከሱ እንደማይሻል እስካይ ድረስ።

የእኔ ቀበቶ ለዓይን ጥሩ ነበር። ጥቁር፣ ንጹህ፣ ባለ ሦስት ነጥብ። መኪናውን ስገዛው አብሮ የነበረ ነው፣ አንድ ጋራዥ እንደገጠመው ሻጩ ነግሮኛል። አንድ ቅዳሜ የሆነ ነገር ይንኳኳል ብዬ ከሾፌሩ በር ኋላ ያለውን የጎን ልባስ ፈታሁት። እግረ መንገዴን የቀበቶውን የታች ብሎን በ17 ቁልፍ ያዝ አድርጌ ላጠብቀው ስል ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ በእጄ ወጣ። ብቻውን ደግሞ አልወጣም። መዳፍ የሚያህል ስቱኮ ከነቀለሙ ይዞ ነው የወጣው። ከስቱኮው ኋላ ብረት የሚባል ነገር የለም፣ እንደ ድርቆሽ የሚፈረፈር ዝገት ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ታስሬ፣ ቤተሰብ ጭኜ ክፍለ ሀገር ተመላልሻለሁ።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ ከቀበቶ ግዢ ሳይሆን ከብረት ነው የሚጀምረው። የምጽፈው ስለ ቮልስ ነው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። አሮጌ ፊያት ወይም ፔጆ ያላችሁም ተከተሉኝ፣ የቀዳዳዎቹ ቦታ እንጂ ነገሩ አይለይም።

መጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ቀበቶ አላችሁ?

ከተማችን ውስጥ የሚሄዱት አብዛኞቹ ቮልሶች በፈረንጆቹ 60ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ከነጭራሹ ቀበቶ የለውም። አንዳንዱ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር አለው። አንዳንዱ ደግሞ ባለ ሦስት ነጥብ ሆኖ ራሱ የማይሰበሰብ፣ በእጅ የሚለካና የሚጠብቅ ነው።

የወገቡ ቀበቶ ዳሌን ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሰውነት ግን አይይዝም። ስትጋጩ ከወገባችሁ ታጥፋችሁ ፊታችሁ መሪው ላይ ነው የሚያርፈው። የ60ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ መሪ ዘንግ ደግሞ ሲመታ እጥፍ የሚል አይደለም፣ ደረታችሁ ላይ የተነጣጠረ ቀጥ ያለ ብረት ነው። ከወገብ ወደ ትከሻ የሚያልፈውን የዛሬውን ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ያመጣው፣ ቮልቮም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው።

በእጅ የሚጠብቀው ባለ ሦስት ነጥብ በትክክል ከታሰረ መጥፎ አይደለም። ግን ማን ያስረዋል? ባል ነድቶ ሚስት ስትነዳ፣ ክረምት ጃኬት በጋ ሸሚዝ ሲለበስ፣ ቀበቶው በየጊዜው መለካት አለበት። ማንም አይለካውም። አላልቶ ያስረዋል፣ የላላ ቀበቶ ደግሞ ሰውነት ፍጥነት ይዞ ከሄደ በኋላ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ዓላማችን ራሱ የሚሰበሰብና ሲነጠቅ የሚቆልፍ ቀበቶ ነው።

አንድ ቁጥር ደግሞ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። በአውሮፓ መመዘኛ የባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ መያዣዎች ሲፈተኑ የትከሻው ክፍልም የወገቡ ክፍልም እያንዳንዳቸው በ13,500 ኒውተን ይሳባሉ። ወደ ኪሎ ስትመልሱት 1,350 ገደማ ነው። ቮልስ ራሱ ባዶውን 800 ኪሎ አካባቢ ነው። መኪናው ሙሉ ለሙሉ በእነዚያ መያዣዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቢወዛወዝ እንኳን መቻል አለባቸው ማለት ነው። የእኔ ስቱኮ ይህን ይችል ነበር ወይ? እናንተው ፍረዱ።

ብረቱን መፈተሽ

ባትሪውን ፍቱ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው፣ ኔጋቲቩን አውጡና በጨርቅ ጠቅልሉት። ከዚያ የፊት ወንበሮቹን ከሐዲዳቸው አውጡ፣ ምንጣፉን አንሱ፣ የጎን ልባሶቹን ፍቱ። ልባሶቹን የያዙት ትንንሽ ክሊፖች ናቸውና ሰፊ ካቻቢቴ ከስር አስገብታችሁ ክሊፑ አጠገብ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መሃሉን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ይቀደዳል።

አሁን ሦስት ቦታ ነው የምታዩት፦ ከበሩ ኋላ ያለውን ምሰሶ የላይኛውን ክፍል፣ የዚያኑ ምሰሶ እግር ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን፣ እና በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያለውን የወለል ጉብታ ጎኑን። በጣም የሚበላሸው የምሰሶው እግር ነው። ከበሩ ስር የሚያልፈው ሙቀት ማስተላለፊያ ሳጥን ውሃ ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፣ ውጩ ደግሞ በቀለም ያምራል።

መፈተሻው ርካሽ ነው። የፍሪጅ ማግኔት ውሰዱ፣ ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉትና ብረቱ ላይ አስኪዱት። ጤነኛ ላሜራ ላይ ጥብቅ ይላል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ድክም ይልና ይንሸራተታል። እዚያ ቦታ በጣታችሁ አንኳኩ፣ ድምፁም ይለያል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ ስቱኮው ግን ደረቅ እንጨት እንደመምታት ነው። የምትጠረጥሩትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት። አትራሩለት። ከገባ፣ እንኳን ገባ። ዛሬ በካቻቢቴ የተበሳ ብረት ነገ በግጭት ከሚቀደድ ይሻላል።

ዝገት ካገኛችሁ ቀበቶውን እርሱትና በያጅ ጋ ሂዱ። የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። በላዩ ላይ ሌላ ላሜራ ለጥፎ በስቱኮ ማስተካከል የሚባለውን እኔ አንዴ ከፍዬበታለሁና እናንተ አትክፈሉበት።

ቀዳዳዎቹን ማግኘት

ከ60ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የተሠሩ ቮልሶች ላይ ፋብሪካው ለቀበቶ የሚሆኑ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ማዘጋጀት ጀምሯል፣ ቀበቶ ሳይገጠምባቸው እንኳን። በፕላስቲክ ክዳን ወይም በልባሱ ስር ተሸፍነው ስለሚቀሩ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቃቸው ሊኖር ይችላል። ምሰሶውን በጣታችሁ እየተጫናችሁ ውረዱ፣ ልባሱ ስር ክብ ጎድጓዳ ነገር ከተሰማችሁ እሱ ነው።

የቀዳዳው ጥርስ 7/16 ኢንች ዩኤንኤፍ ይባላል፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ያለው። ይሄ የዓለም መኪኖች ሁሉ ለቀበቶ የሚጠቀሙበት ልክ ነው ማለት ይቻላል። ስፋቱ ወደ ሚሊ ሲመለስ 11.1 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው። 12 ሚሊ ብሎን "ትንሽ ይጠብቃል እንጂ ይገባል" ብሎ በግድ ያስገባና ጥርሱን ይበላዋል፣ ወይም 10 ሚሊ ከትልቅ ሮንዴላ ጋር ያስርበታል። ሁለቱም ሞት ናቸው። ከቀበቶው ጋር ከመጣው ብሎን ውጪ አትጠቀሙ።

ቀዳዳው ውስጥ የሃምሳ ዓመት ቀለምና ቆሻሻ አለ። 7/16 ጥርስ ማውጫ ካገኛችሁ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ አስገቡ፣ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፣ እያወጣችሁም ጥረጉት። ካላገኛችሁ አንድ ትርፍ የቀበቶ ብሎን ወስዳችሁ ጎኑን በቀጭን መጋዝ ቁመቱን ተከትላችሁ ቁረጡበት። ቁርጡ ቆሻሻውን ይሰበስባል። በመጨረሻ አዲሱ ብሎን ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ እስከ ታች መግባት አለበት። ካልገባ ገና አልጸዳም።

ቀዳዳ የሌለው ቮልስ

ላሜራ በስታችሁ፣ ብሎን አሳልፋችሁ፣ ከኋላ በዳዶና በሮንዴላ ብቻ አታስሩ። ላሜራው ቀጭን ነው፣ በግጭት ጊዜ ሮንዴላው ላሜራውን እንደ ወረቀት ቀዶ ያልፋል። ኃይሉን የሚያሰፋ የብረት ሳህን ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለውድድር መኪኖች ቢያንስ 3 ሚሊ ውፍረትና 40 ካሬ ሳንቲ ስፋት ያለው ሳህን ይጠይቃል፣ እኔም ከዚያ በታች አልወርድም። 6 በ7 ሳንቲ ቁረጡት፣ ማዕዘኖቹን በግራይንደር አክብቧቸው፣ ሹል ማዕዘን ላሜራውን መቅደድ የሚጀምርበት ቦታ ነውና። 7/16 ዳዶ መሃሉ ላይ ይበየድበትና ሳህኑ ብሎኑ ከሚስብበት ተቃራኒ በኩል ይገባል። ማለትም ብሎኑ ሲሳብ ሳህኑ ላሜራው ላይ ይደገፋል እንጂ ብየዳው ብቻውን አይይዝም።

ምሰሶው ዝግ ሳጥን ስለሆነ ሳህኑን ከውስጥ ለማስገባት መክፈት ግድ ነው። ይሄን ለለመደ ሰው ስጡት። ቀጭን ላሜራ ላይ በኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው የሚያደርገው፣ በሽቦ የሚበይድ ፈልጉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ፣ እነዚህን አንብባችሁ ካለፋችሁ ተመልሳችሁ አንብቡ። የመሃሉን የወለል ጉብታ በመሰርሰሪያ እንዳትበሱ። የቮልስ ታንከር ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የቤንዚን ቱቦው በዚያ ጉብታ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የፍሪሲዮን ገመድም፣ የቤንዚን መስጫ ገመድም፣ የማርሽ ዘንግም እዚያው ናቸው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ብየዳ ሲካሄድ ባትሪው ከመኪናው ይውጣ፣ ምንጣፍና ልባስ ይውጣ፣ አንድ ሰው ደግሞ ማጥፊያ ይዞ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ይቁም። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ መሰል ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚቀጣጠለው፣ በያጁ ጭንብሉን ሳያነሳ አያየውም።

ከብየዳ በኋላ የኋላውን ቀለም ሙቀቱ አቃጥሎታል። ጸረ ዝገት ካልተቀባ በሁለት ክረምት ወደ ድርቆሹ ትመለሳላችሁ።

ቀበቶው ራሱ

አሁን ግዙ። ለቮልስ ተብሎ የተዘጋጀ ባለ ሦስት ነጥብ ተሰብሳቢ ቀበቶ በአውሮፓም በአሜሪካም አዲስ ይሸጣል። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ለፋሲካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ታውቁበታላችሁ። ጨርቁ ላይ የተሰፋውን ምልክት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። በክብ ውስጥ ኢ የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር መኖር አለበት፣ ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ነው የሚናገረው፣ 1 ጀርመን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 እንግሊዝ። አጠገቡ "ኤ አር 4 ኤም" የሚል ካለ የምትፈልጉት እሱ ነው። ኤ ባለ ሦስት ነጥብ፣ አር መጠቅለያ፣ ማለትም ጨርቁን ራሱ የሚሰበስብ ዕቃ፣ ያለው፣ 4 በድንገት የሚቆልፍ፣ ኤም ደግሞ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ የሚቆልፍ፣ መኪናው ሲያቆምም ጨርቁ ሲነጠቅም። ቢ ከሆነ የወገብ ብቻ ነው።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ከተበተነ ቶዮታ የወጣ ቀበቶ መግዛት ይቀላል፣ አውቃለሁ። ሶማሌ ተራን እወዳለሁ፣ ግማሽ መኪናዬ ከዚያ ነው። ቀበቶ ግን አልገዛም። የተበተነ መኪና ብዙውን ጊዜ የተጋጨ መኪና ነው፣ አንዴ ሰው የያዘ ቀበቶ ደግሞ ተስቧል፣ ሁለተኛ አይታመንም። ዘለበቱ ውስጥ የሚገባው ምላስ ላይ፣ ጨርቁ በሚያልፍበት ፕላስቲክ፣ የቀለጠ የሚመስል ጭረት ካያችሁ ሰው ይዞ ያውቃል። ያልተጋጨ ቢሆንስ? የአዲስ መኪና ቀበቶ ውስጥ በግጭት ጊዜ ጨርቁን የሚያጠብቅ ፈንጂ ሊኖር ይችላል፣ ያንን በመዶሻ የሚፈታ ሰው አይቻለሁ። ብዙዎቹ ደግሞ ኤርባግ አለ ብለው ጨርቁን በልክ እንዲለቁ ነው የተሠሩት። ቮልስ ላይ ሲለቁ የሚጠብቃችሁ መሪው ነው።

ባለ አራትና አምስት ማሰሪያ የውድድር ቀበቶም ያምራል፣ ወጣቶቹ ቀይ አድርገው ይገጥሙታል። ለከተማ አይሆንም። የትከሻ ማሰሪያዎቹ ወደ ኋላ ወለል ሲታሰሩ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች ይጫናሉ፣ አከርካሪውን ነው የሚጨፈልቁት።

መግጠም

ከመጠቅለያው ጀምሩ፣ የሚገባው ምሰሶው እግር ጋ ነው። ይሄ ዕቃ ውስጡ ትንሽ ኳስ ወይም ፔንዱለም አለች፣ መኪናው ድንገት ሲቆም ተንሸራታ የምትቆልፈው እሷ ናት። ስለዚህ አቀማመጡ የዕቃው ነፍስ ነው። በመመዘኛው መሠረት እስከ 12 ዲግሪ ቢያዘነብል መቆለፍ የለበትም፣ ከ27 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ደግሞ የግድ መቆለፍ አለበት። እናንተ ስትገጥሙት በ8 ዲግሪ ካጣመማችሁት የቀረው 4 ብቻ ነው። ያኔ እንጦጦን ስትወጡ ቀበቶው ይቆልፍና አንገታችሁን ይዞ አልለቅ ይላል፣ እናንተም ተናዳችሁ ትፈቱታላችሁ። ማስተካከያ ክንፍ ካለው በውሃ ልክ ለኩት፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ።

የብሎኑን ቅደም ተከተል ከሳጥኑ ስታወጡ ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ ብሎን፣ የቀበቶው ጆሮ፣ ሞገድ ያለው ሮንዴላ፣ ከዚያ ቀለበት ነው። ቀለበቱ የተሠራው ብሎኑ ጥብቅ ሲል ጆሮው ግን እንዲዞር ነው። ከጠበቀ በኋላ የላይኛውን ጆሮ በጣት ግፉት፣ ካልተወዛወዘ ቅደም ተከተሉን አበላሽታችኋል፣ ጨርቁም በሰያፍ ይሳብና ጠርዙ ይበላል። ከማጥበቃችሁ በፊት ጨርቁ እንዳልተጠመዘዘ ከላይ እስከ ታች በሁለት ጣት እያንሸራተታችሁ እዩ። እኔ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ ገጥሜ ፈትቻለሁ።

ከቀበቶው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ያለውን የማጥበቂያ ልክ ተከተሉ። ከሌለ 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው 20 ሳንቲ ርዝመት ያለው ቁልፍ ጫፉ ላይ 20 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ይሳበው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአንድ እጅ የሚያነሳ ጎረቤት አትጥሩ።

የዘለበቱ ቦታ ዳሌ አጠገብ ነው፣ ሆድ ላይ አይደለም። የወገቡ ጨርቅ ከጎን ሲታይ ወደ ታችና ወደ ኋላ ከ45 እስከ 80 ዲግሪ ይውረድ፣ ተኝቶ ከሄደ በግጭት ጊዜ ከዳሌ አጥንት ላይ ተንሸራቶ ወደ ሆድ ይወጣል። የላይኛው መያዣ ከትከሻ እኩል ወይም ከፍ ይበል። አጭር ሰው አንገቱን ከነካው ወንበሩን አስተካክሉለት እንጂ ጨርቁን በብብት ስር እንዲያሳልፈው አትፍቀዱ።

ሙከራ

ቁጭ በሉና ቀበቶውን በቀስታ ሳቡት፣ ይምጣ። ድንገት ንጠቁት፣ ይቆልፍ። ልቀቁት፣ ሙሉ በሙሉ ይሰብሰብ። ከዚያ ሙሉ ክብደታችሁን ወደፊት ጥላችሁ ቀበቶው ላይ ተንጠልጠሉና ዘለበቱን በአንድ አውራ ጣት ክፈቱ። ካልተከፈተ መልሱት፣ በተገለበጠ መኪና ውስጥ የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን አይደለም። በመጨረሻ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዳችሁ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ማንም እንደሌለ አይታችሁ። መያዝ አለበት። ኮብልስቶን ላይ ግን በየጉብታው የሚቆልፍ ከሆነ መጠቅለያው ጠሟል፣ ወደ ውሃ ልኩ ተመለሱ።

ለኋላ ወንበርም ቀዳዳ ካላችሁ ሥሩት፣ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ቀበቶውን ለሁለት ማሰር ግን አይደረግም፣ በግጭት ጊዜ ልጁ በቀበቶውና በእናቱ ክብደት መሃል ይጨፈለቃል። የኋላውን ወንበር ስትመልሱ ባትሪውን ሸፍኑት። የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወንበሩ ውስጥ የተሞላው ገለባ ይጨሳል። ቮልስ በዚህ ይቃጠላል፣ ቀልድ አይደለም።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ሳትሰበስቡት ጥላ ላይ ይድረቅ። በረኪና ክሩን ይበላዋልና አታስነኩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሁሉም ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ላሜራው ድረስ በነጭ ቀለም ወይም በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር አስምሩ። የእኔ ከባለቤቴ የተበደርኩት ቀይ ነው። ከሳምንት በኋላ ልባሱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል፣ ፈትታችሁ ጥርሱን እንደገና አጽዱ።